ኢ «አይ ጊዜ» በራሱ ሲባዛ ምን ማለት ነው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። አፕላይድ 3 ላይ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ስንማር መምህራችን አንድ ጥያቄ ሠሩ። መልሱ ‹ኢ ፓወር አይ ኤክስ› ሆኖ ወጣ። በሚቀጥለው መስመር ‹ስለዚህ ኮሳይን ኤክስ እና ሳይን ኤክስ› ብለው ጻፉና ሰሌዳውን አጠፉት። እጄን አውጥቼ ከየት መጣ ብላቸው ‹የኦይለር ፎርሙላ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀብኝ። ኢ ስኩዌር ማለት ኢ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። ታዲያ ኢ ፓወር አይ ማለት ‹አይ ጊዜ› ሲባዛ ነው? አይ ጊዜ የሚባል ነገር አለ? ደግሞ ኢ ፓወር 2 ፓይ አይ አንድ ነው ይላሉ። ኢ ፓወር ዜሮም አንድ ነው። እንግዲያው 2 ፓይ አይ ዜሮ ሊሆን ነው? የዶርም ጓደኞቼ ሸምድጂውና ገላገይ ይሉኛል። እነሱ ሚድ ላይ ከኔ በልጠዋል። እኔ ግን ያልገባኝን ነገር መሸምደድ አልችልም። ዲፓርትመንት ልቀይር እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በዚህ ምክንያት ዲፓርትመንት አትቀይሪ። ሌላ ምክንያት ካለሽ እሱ ለብቻው ይታያል። «ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ኢንጂነሪንግ ውስጥ መቅረት ያለበት ተማሪ ነው። የሳቁት ልጆች መልሱን ስለሚያውቁት አይደለም የሳቁት። አንዱን ለብቻው ይዘሽ ብትጠይቂው እሱም አያውቀውም።

ሁለቱም ጥያቄዎችሽ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም ከ300 ዓመት በፊት የአውሮፓን ትላልቅ የሂሳብ ሰዎች ያጨቃጨቀ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን ደብተርና እርሳስ ያዢ፤ ይሄ በማንበብ ብቻ አይገባም። ኢ ስል 2.71828 ብሎ የሚቀጥለውን ቁጥር ማለቴ ነው። አይ ስል ስኩዌሩ −1 የሆነውን ቁጥር ነው። ፓወርን በዚህ ምልክት አሳያለሁ፦ ^ ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አይ ጊዜ ማባዛት» የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 2^3 ስትሠሪ 2ን ሦስት ጊዜ ታባዣለሽ። 2^(1/2) ስትሠሪስ? 2ን ግማሽ ጊዜ አባዝተሽ ታውቂያለሽ? 2^(−3)ንስ ኔጋቲቭ ሦስት ጊዜ አባዝተሻል? አላባዛሽም። ግን ሁለቱንም ሃይስኩል እያለሽ ተቀብለሻቸዋል፤ እንቅልፍም አልነሱሽም።

ያኔ የሆነው ይህ ነው። ፓወር ሲደመር ቁጥሩ ይባዛል የሚል ሕግ ነበረሽ፤ 2^3 × 2^4 = 2^7። ሕጉ ለግማሽም እንዲሠራ ፈለግን። 2^(1/2) × 2^(1/2) የግድ 2^1 መሆን አለበት። ስለዚህ 2^(1/2) በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ቁጥር ሆነ፤ የ2 ስኩዌር ሩት። ማለት ፓወር መቁጠር መሆኑ የቀረው ገና ሃይስኩል እያለሽ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ያንኑ ጉዞ አንድ እርምጃ መቀጠል ነው። ኢ^ኤክስ በመሠረቱ ምን ሲያደርግ ነው የቆየው? እሱን ካወቅሽ ኤክስ ቦታ ላይ አይ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይነግርሻል።

ኢ የተወለደው ከወለድ ሂሳብ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ያኮብ በርኑሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጠየቀው ጥያቄ እንዲህ ነበር። 1 ብር አስቀመጥሽ እንበል። ለስሌት እንዲመቸን ወለዱን በዓመት 100 ፐርሰንት እናድርገው። ዓመቱ ሲያልቅ አንዴ ከተከፈለሽ 2 ብር ይኖርሻል። ለሁለት ተከፍሎ በየስድስት ወሩ ከታሰበ ደግሞ የመጀመሪያው ወለድም ራሱ ወለድ ይወልድና 2.25 ይሆናል። ዓመቱን 10 ቦታ ከከፈልሽው 2.5937። 100 ቦታ ከሆነ 2.7048። 1000 ቦታ ከሆነ 2.7169። ያድጋል፣ ግን ዝም ብሎ አይነጉድም። 2.71828 አካባቢ ይረጋል። ኢ ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ቁጥሩ አይደለም፣ አስተዳደጉ ነው። ወለዱ በየቅጽበቱ ሲታሰብ የዕድገትሽ ፍጥነት ሁልጊዜ አሁን እጅሽ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። 5 ብር ካለሽ በዚያች ቅጽበት በ5 ፍጥነት ታድጊያለሽ። 100 ካለሽ በ100። ካልኩለስ ላይ «የኢ^ኤክስ ዴሪቬቲቭ ራሱ ኢ^ኤክስ ነው» ብለሽ የያዝሽው ይህንን ነው። ፓወሩ ላይ ሌላ ቁጥር ሲገባስ? ቲ ያለፈውን ጊዜ ይወክል። ኢ^(3ቲ) ከሆነ ፍጥነቱ 3 ጊዜ ያለሽ ነው። ኢ^(−ቲ) ከሆነ ፍጥነቱ −1 ጊዜ ያለሽ ነው፣ ማለትም ያለሽን ያህል በየቅጽበቱ ይቀነስብሻል፤ እየመነመነ ይሄዳል። ፓወሩ ላይ ያለው ቁጥር ወለዱ ምን ያህል እንደሆነና ወዴት እንደሚከፈል የሚናገር ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ኢ^(አይ ቲ) ማለት ፍጥነቱ አይ ጊዜ ያለሽ የሆነ ነገር ነው። አይ ጊዜ በራሱ ማባዛት ትርጉም የለውም። ያለሽን በአይ ማባዛት ግን ትርጉም አለው፤ የኮምፕሌክስ ቁጥር ማባዛት ስለሆነ አንቺም አሳምረሽ ታውቂዋለሽ።

በአይ ማባዛት ምን እንደሚመስል ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እንየው። 3 + 2አይን አስቀምጪ። ከዜሮ 3 ካሬ ወደ ቀኝ፣ 2 ካሬ ወደ ላይ። አሁን በአይ አባዢው። 3አይ + 2አይ² ይሆናል። አይ² ደግሞ −1 ስለሆነ −2 + 3አይ ይወጣል። 2 ካሬ ወደ ግራ፣ 3 ካሬ ወደ ላይ። ከዜሮ ወደ ሁለቱም ነጥቦች መስመር አስምሪ። የሁለቱ መስመሮች ርዝመት እኩል ነው፤ ሁለቱም የ13 ስኩዌር ሩት። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ነው። እንደገና በአይ አባዢው፣ −3 − 2አይ ይመጣል። ከመጀመሪያው ነጥብ ፊት ለፊት ሄዶ ቁጭ አለ። ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ መዞር ወደ ኋላ መገልበጥ ነውና አይ² = −1 የሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ቆዪ። የራስሽን ቁጥሮች መርጠሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሪው። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ቁጥሮቹን እንዲህ በወረቀት ላይ ማየት ሰዎች ቶሎ የደረሱበት ነገር አይደለም። የኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት በጣሊያናዊው ካርዳኖ ሥራ ውስጥ በ1545 ታየ። በሥዕል ያስቀመጠው የኖርዌይ ተወላጁ ካስፓር ቬሰል ግን ሐሳቡን ለዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1797 ነው። ቬሰል ሙያው ቅየሳ ነበር። መሬት እየለካ፣ ካርታ እየሠራ ነው የኖረው። መስመርና ማዕዘንን በአንድ ላይ የሚይዝ ሂሳብ መፈለጉ አያስገርምም። ከ250 ዓመት በላይ የፈጀን ነገር አንቺ በአንድ ሴሚስተር ቶሎ አልገባኝም ብለሽ ራስሽን አትውቀሽ።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። 1 ላይ ቆመሻል፣ ማለትም ከዜሮ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ። ወለድሽ አይ ነው። ስለዚህ የሚከፈልሽ ባለሽ አቅጣጫ ሳይሆን በስተጎን ነው፣ ሁልጊዜ ካለሽበት በ90 ዲግሪ። አንዴ ብቻ ከተከፈለሽ 1 + አይ ላይ ትደርሻለሽ። ከዜሮ ያለሽ ርቀት 1.414 ይሆናል። ለሁለት ከፋፍይው። መጀመሪያ ግማሽ እርምጃ፣ 1 + 0.5አይ። አሁን ያለሽበት ስለተለወጠ «ጎን» የሚባለውም አቅጣጫ ተለውጧል። የዚህን ነጥብ ግማሽ ወስደሽ በአይ ስታባዢ −0.25 + 0.5አይ ይመጣል። ስትደምሪው 0.75 + አይ። ርቀትሽ 1.25። እርምጃው 10 ቦታ ሲከፈል ርቀቱ 1.051 ነው። 100 ቦታ ሲከፈል 1.005። 1000 ቦታ ሲከፈል 1.0005።

አየሽው? በተለመደው ወለድ ቁጥሩ ወደ 2.718 ሄዶ ነበር የረጋው። በጎን ሲከፈል ርቀቱ ወደ 1 እየተመለሰ ይረጋል። በየቅጽበቱ ከታሰበ ርቀትሽ ከ1 ፈቀቅ አይልም። ምክንያቱም በትክክል በ90 ዲግሪ የሚገፋ ነገር አቅጣጫን ይቀይራል እንጂ ርቀትን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከዜሮ ሁልጊዜ እኩል ርቆ የሚሄድ ነጥብ ደግሞ የሚሄደው በክብ ላይ ነው። ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ።

ፍጥነቱስ? ያለሽ ርዝመት 1 ነው፣ በአይ መባዛት ርዝመት አይቀይርም፣ ስለዚህ ፍጥነቱም 1 ነው። ቴታ ያህል ጊዜ ከሄድሽ በክቡ ዙሪያ ቴታ ያህል ርቀት ሄደሻል ማለት ነው። ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ ላይ የተሄደው ርቀት ማዕዘኑ ነው፤ ራዲያን የሚባለው ይሄው ነው። በዚያ ማዕዘን ላይ ያለው ነጥብ ወደ ቀኝ ምን ያህል ነው ቢባል ኮሳይን ቴታ፣ ወደ ላይ ምን ያህል ነው ቢባል ሳይን ቴታ። ሌላ ምንም አልጨመርንም። እንዲህ ብለን ልንጽፈው እንችላለን፦

ኢ^(አይ ቴታ) = ኮሳይን ቴታ + አይ × ሳይን ቴታ

ክፍል ውስጥ «ያዢው» የተባልሽው መስመር ይህ ነው። ሌዎንሃርት ኦይለር በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የሄደበት መንገድም ለዚህ የቀረበ ነው። እሱም ማዕዘኑን እጅግ ብዙ ቦታ ከፋፍሎ፣ ጥቃቅን እርምጃዎችን ደጋግሞ በማባዛት ነው የደረሰበት።

መምህርሽ ወይም የምታነቢው መጽሐፍ በሲሪየስ፣ ማለትም ኢ^(አይ ቴታ)ን ማለቂያ በሌለው ድምር ጽፈው፣ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። እሱም ልክ ነው፣ ለፈተናም ይጠቅማል። ቴታን 1 አድርገሽ በካልኩሌተር ሞክሪው። አይ የሌለባቸው ተርሞች 1 − 1/2 + 1/24 − 1/720 ሲሆኑ ድምራቸው 0.5403 ገደማ ይመጣል። አይ ያለባቸው 1 − 1/6 + 1/120 − 1/5040 ሲሆኑ 0.8415 ገደማ። አሁን ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ አድርገሽ የ1ን ኮሳይንና ሳይን ጠይቂው። እነዚሁ ይመጣሉ። ዲግሪ ላይ ከተውሽው ግን ፍጹም ሌላ ቁጥር ይሰጥሽና ፎርሙላው ውሸት ይመስልሻል፤ ብዙ ተማሪ እዚህች ላይ ይወድቃል። ሲሪየሱ እውነት መሆኑን ያሳይሻል። ለምን ክብ እንደሚመጣ ግን አያሳይሽም። ለዚህ ነው እኔ ከጎን ወለዱ የጀመርኩት።

ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ኢ^(አይ ፓይ) = −1 የሚባለውም አሁን ቀላል ነው። ከ1 ተነስተሽ በክቡ ላይ 3.14159 ያህል ሂጂ። የሙሉው ክብ ዙሪያ 2 ፓይ ስለሆነ ፓይ ግማሹ ነው። ግማሽ ክብ ከዞርሽ −1 ላይ ነሽ። ያለቀ ነው። ውበቱ ሲገባሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ይህንን ከልቤ ነው የምልሽ።

አሁን መምህርሽ ወደ ዘለሉት መስመር እንመለስ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ ራሱን በኔጋቲቭ የሚመልስ ፈንክሽን ፈልጉ የሚል ሳይሆን አይቀርም። ኢ^(አይ ኤክስ) ዴሪቬቲቭ ሲወሰድ በአይ ይባዛል። ሁለት ጊዜ ሲወሰድ በአይ²፣ ማለትም በ−1። ስለዚህ መልስ ነው። ኢ^(−አይ ኤክስ)ም መልስ ነው፤ እሱ በክቡ ላይ ወደ ተቃራኒው የሚዞረው ነጥብ ነው። ኢኩዌሽኑ ሊኒየር ስለሆነ ሁለት መልሶች ተደምረውም ሆነ በቁጥር ተባዝተው አሁንም መልስ ናቸው። አሁን ሁለቱን ነጥቦች በዓይነ ኅሊናሽ ተመልከቺ። አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው በዚያው ልክ ወደ ታች ይወርዳል። ስትደምሪያቸው ላይና ታቹ ይጣፋና የቀኝና ግራው እጥፍ ይቀራል። አንዱን ከሌላው ስትቀንሺ ደግሞ የላይና ታቹ እጥፍ ይቀራል።

ኮሳይን ኤክስ = (ኢ^(አይ ኤክስ) + ኢ^(−አይ ኤክስ)) ÷ 2

ሳይን ኤክስ = (ኢ^(አይ ኤክስ) − ኢ^(−አይ ኤክስ)) ÷ (2 × አይ)

በአይ የተጻፉትን ሁለት መልሶች በእነዚህ ሁለት ተራ መልሶች መተካት ትችያለሽ። የተዘለለው ይሄ ነበር። ፓወሩ ላይ የሚወጡት ቁጥሮች (ሩቶቹ) ኤ + ቢ አይ እና ኤ − ቢ አይ ሲሆኑም ያው ነው። ኢ^(ኤ ኤክስ) የሚለው ክፍል ያሳድጋል ወይም ያመነምናል፣ ቢ ያለበት ደግሞ ያዞራል። የክራር ክር ስትመቺ የምትሰሚው ይህንኑ ነው። ክሩ ይወዛወዛል፤ ያ የቢ ሥራ ነው። ድምፁ እየቀነሰ ይጠፋል፤ ያ የኤ ሥራ ነው፣ ኤ ኔጋቲቭ ሲሆን። አንድ ኤክስፖኔንሻል ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ኢ^(2 ፓይ አይ) 1 ነው፣ ኢ^0ም 1 ነው፤ ታዲያ 2 ፓይ አይ ዜሮ ነው ወይ? አይደለም። አንቺ ሳታስቢው የተጠቀምሽበት ሕግ አለ፦ ኢ^ኤ እና ኢ^ቢ እኩል ከሆኑ ኤ እና ቢ እኩል ናቸው የሚል። ይህ ሕግ ለተራ ቁጥሮች እውነት ነው፤ እዚያ ኢ^ኤክስ ሁልጊዜ ሽቅብ ስለሚሄድ አንድ ቦታ ሁለቴ አያልፍም። ክብ ላይ ግን 2 ፓይ ሄደሽ ወደ ተነሳሽበት ትመለሻለሽ። የደረስሽበት አንድ ነው፣ የሄድሽው ግን ዜሮ አይደለም። ሕጉ እዚህ አይሠራም።

ጀርመናዊው የሂሳብ ሰው ላይብኒትዝና የያኮብ ወንድም ዮሃን በርኑሊ በ1712 እና በ1713 በደብዳቤ የተከራከሩት እዚሁ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ጥያቄያቸው የ−1 ሎጋሪዝም ስንት ነው፣ ማለትም ኢ በስንት ፓወር −1 ይሰጣል የሚል ነበር። የበርኑሊ ሐሳብ ሲቀል እንዲህ ነው። −1 ስኩዌር 1 ነው። ስለዚህ የ−1 ሎጋሪዝም ሁለት እጥፍ የ1 ሎጋሪዝም ነው፣ እሱም ዜሮ ነው። ስለዚህ የ−1 ሎጋሪዝምም ዜሮ ነው። ያንቺን አካሄድ ይመስላል፣ አይደል? ላይብኒትዝ አልተቀበለውም፣ ግን እሱም ነገሩን አልቋጨውም። ይህ ሳይለይ ሮጀር ኮትስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1714 የዛሬውን ፎርሙላ በሎጋሪዝም መልክ አሳትሞ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ገና በ33 ዓመቱ ሞተ። ጉዳዩን የዘጋው የበርኑሊ ተማሪ የነበረው ኦይለር ነው፣ በ1749። መልሱ የ−1 ሎጋሪዝም አንድ አይደለም የሚል ነው። ፓይ አይ አለ፣ 3 ፓይ አይ አለ፣ −ፓይ አይ አለ፣ ማለቂያ የለውም። ሁሉም በ2 ፓይ አይ ይለያያሉ። ክቡን ስንት ጊዜ እንደዞርሽ ነው ልዩነቱ።

ይህ ከገባሽ አንድ ነገር ሥሪ። አይ ራሱ በክቡ ላይ ሩብ ዙር ነው፤ ስለዚህ ኢ^(አይ ፓይ/2) ተብሎ ይጻፋል። አሁን አይ^አይን አስዪ። ፓወሮቹ ሲባዙ አይ² ይመጣና −ፓይ/2 ይሆናል። አይ የሚባለው ነገር ይጠፋና 0.2079 ገደማ የሆነ ተራ ቁጥር ታገኛለሽ። ከዚያ ሌሎች መልሶችስ እንዴት ሊኖሩት እንደሚችሉ አስቢበት።

ዲፓርትመንትሽን በተመለከተ ይህ ፎርሙላ የሙያሽ የዕለት መሣሪያ ነው። ሶኬት ላይ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማለት ቮልቴጁ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ወደ ማዕዘን ስትቀይሪው በሰከንድ 314 ራዲያን ገደማ። ኢንዳክተር (የተጠቀለለ ሽቦ) ላይ ያለው ቮልቴጅ የከረንቱ ዴሪቬቲቭ ነው፣ በኢንዳክታንሱ ተባዝቶ። በሳይንና ኮሳይን ከሠራሽው ዴሪቬቲቩ አንዱን ወደ ሌላው እየቀየረ ገጽ ሙሉ ትሪጎኖሜትሪ ያመጣብሻል። በኤክስፖኔንሻል ከሠራሽው ግን ዴሪቬቲቭ መውሰድ ማለት በአይ እና በ314 ማባዛት ብቻ ነው። ካልኩለሱ ወደ ማባዛት ወረደ። በ1893 ይህንን አሠራር በቺካጎ ለተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ያቀረበው አሜሪካ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ተወላጅ ቻርለስ ስታይንሜትዝ ነው። በአንቺ ሙያ አይ ከሚለው ይልቅ «ጄ» የሚጽፉት አይ ለከረንት ስለተያዘ ነው። ነገሩ ያው ነው።

ምሳሌ እንሥራ። 30 ኦም ሬዚስታንስ እና በ50 ኸርዝ 40 ኦም የሚሆን ኢንዳክተር በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ 220 ቮልት ላይ ተያይዘዋል። ከረንቱ ስንት ነው? 30 እና 40ን ደምረሽ 70 ብትዪ ትሳሳቻለሽ። የኢንዳክተሩ 40 ጄ ይዞ ነው የሚመጣው፣ 90 ዲግሪ ዞሮ። ስለዚህ 30 + 40ጄ ነው። ርዝመቱ 50 ኦም። 220ን ለ50 ስታካፍዪ 4.4 አምፔር። ማዕዘኑ 53.1 ዲግሪ ገደማ፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ በዚያን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለት መስመር አለቀ። ሰርኪዩት ኮርሶችሽ ከዚህ በኋላ በዚህ የተሞሉ ናቸው። ሸምድደው ያለፉት ጓደኞችሽ እዚያ ሲደርሱ 90 ዲግሪው ከየት እንደመጣ እንደገና መጠየቃቸው አይቀርም።

ሸምድጂ ላሉሽም ቢሆን መልስ አለሽ። የሁለት ማዕዘን ድምር ኮሳይንና ሳይን ፎርሙላዎችን ሃይስኩል ሸምድደሽ ነበር። ከእንግዲህ አትሸምድጃቸው። ፓወር ሲደመር ቁጥሩ ይባዛል የሚለውን ብቻ ያዢ። ኢ^(አይ(ኤ+ቢ)) ማለት ኢ^(አይ ኤ) ሲባዛ በኢ^(አይ ቢ) ነው። ሁለቱን በኮሳይንና ሳይን ጽፈሽ ቅንፉን ፍቺው። አይ የሌለበትን ስትሰበስቢ ኮስ ኤ ኮስ ቢ − ሳይን ኤ ሳይን ቢ ይመጣል፤ የድምሩ ኮሳይን ነው። ያቺ ሁሌ የምትረሳው ኔጋቲቭ ከአይ² ነው የመጣችው። አይ ያለበትን ስትሰበስቢ ደግሞ የድምሩ ሳይን ይወጣል። ፈተና ላይ ፎርሙላው ቢጠፋብሽ በግማሽ ደቂቃ ራስሽ ታወጪዋለሽ።

ሚዱ አልፏል። ለፋይናል ግን በቂ ጊዜ አለሽ። ይህን ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ሥሪ። አንደኛ፣ በአይ ማባዛትንና የጎን እርምጃዎቹን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእጅሽ ሥሪያቸው። እርምጃውን ሩብ ሩብ አድርገሽ አራት ጊዜ ሂጂ፣ በማስመሪያ ለኪው። ሁለተኛ፣ የተዘለለውን መስመር ከኢ^(አይ ኤክስ) እስከ ኮሳይንና ሳይን ድረስ በራስሽ ቃል በአንድ ገጽ ጻፊው።

ከዚያ ያንን ገጽ ይዘሽ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ፊት፣ ሰዓት እየሄደ፣ ብዙ መምህር ሰፊ መልስ ለመስጠት አይመቸውም። ቢሮ ሲሆን ሌላ ነው። «ያን ዕለት ያልገባኝን እንዲህ ብዬ ተረድቼዋለሁ፣ ልክ ነኝ ወይ?» በያቸው። እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ ደስ የማይለው መምህር ብዙ አላውቅም። የተሳሳትሽው ካለ ያርሙሻል። ዲፓርትመንት የመቀየሩን ነገር ደግሞ ሰርኪዩት ላይ የመጀመሪያውን ባለ «ጄ» አሳይመንት እስክትሠሪ ድረስ አቆዪው።